ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ውሉ



የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 የፌዴሬሽኑን አባላት በስም ይዘረዝራል፤ 9 ክልሎች ናቸው። ዛሬ ያሉን ግን 12 ናቸው። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚሉ ስሞች ካርታው ላይ ገቡ፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ደግሞ ስሙ ወጣ። ጥያቄው በዚህ አላበቃም። ገና ክልል እንሁን የሚሉ አሉ፤ የበዛው ይጠቃለል የሚሉም አሉ። እዚህ ቦሌ ላይ ተቀምጠን ስንነጋገር ደግሞ የራሳችን ጥያቄ አለ፦ አዲስ አበባ በዚህ ፌዴሬሽን ውስጥ ምንድን ናት? ነገስ ምን ትሁን?

አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። ራስን በክልል ደረጃ ማስተዳደር መብት ነው፤ በመብትነቱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ከመጠራቱ በፊት ንብረቱ እንዴት እንደሚከፈል፣ ዕዳውን ማን እንደሚሸከም፣ መቀመጫው የት እንደሚሆን፣ ድንበር ላይ ያለውን ነዋሪ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ በአዲሱ ክልል ቁጥሩ የሚያንሰው ወገን መብቱ በምን እንደሚጠበቅ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሊቀርብለት ይገባል። ውሉን ሳያይ ካርድ የሚጥል ሰው የሚመርጠው ስም ብቻ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልል አዋቀራት። ከመካከላችሁ ወጣት የሆናችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ፤ አዲስ አበባ ያኔ ክልል 14 ተብላ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ክልል ትሁን የሚል ሰው ሲነሳ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር የተነገረ ይመስል የሚደነግጡ አሉ። ሆኖ ያለፈ ነገር ነው። ከ7 እስከ 11 ቁጥር የተሰጣቸው አምስቱ ክልሎች ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ ተጠቃለው ደቡብ ክልል ሆኑ። ያን ጊዜ ነዋሪውን የጠየቀው የለም፤ ሕዝበ ውሳኔም አልተካሄደም። ከዚያ በኋላ በሐዋሳም በሶዶም የክልልነት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ያ መጠቅለል እንደ ቁስል ሲነካ ኖሯል። ክልልን ማስቀረት ከመጨመር የማይቀልበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል፤ ሳይጠየቁ የተጠቀለሉት ሕዝቦች ሃያ አምስት ዓመት ቆይተውም ጥያቄያቸውን አልተዉም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መውጫውን በር አበጀ። አንቀጽ 47 እንደሚለው ክልል መመሥረት የሚፈልግ ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ጥያቄው በራሱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቅለትና ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል። የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ከደገፈ ሥልጣኑ ይተላለፋል፤ አዲሱ ክልልም ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። አጭርና ግልጽ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ስለ መገንጠል የሚናገረውን አንቀጽ 39 አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንብቡት። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ከአገር ለሚወጣ ወገን የንብረት ክፍፍል በሕግ በተወሰነው መሠረት መፈጸም እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል። አንቀጽ 47 በአገር ውስጥ ክልል ስለሚሆነው ሲናገር ስለ ንብረት ክፍፍል አንድም ቃል የለውም። ለሚሄደው የተጻፈው ውል ለሚቀረው አልተጻፈለትም።

ውል የሌለው መለያየት ምን እንደሚያስከትል በራሳችን ቤት አይተናል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን በሕዝበ ውሳኔ ከ99 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ነፃነትን መረጡ። የድምፁ ጉዳይ ያለቀለት ነበር። ያላለቀው ድንበሩ ነው፣ የንግዱ ሥርዓት ነው፣ የገንዘቡ ጉዳይ ነው፣ የወደቡ አጠቃቀም ነው፣ እዚህና እዚያ የሚኖረው ዜጋ መብት ነው። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ሥራ ላይ ከዋለ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ከዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች በሌሊት ተጠርተው ከአገር ሲወጡ ያየ ሰው በመካከላችን አይጠፋም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያልተጻፈውን ውል ሒሳብ የከፈለው ድምፅ የሰጠውም ያልሰጠውም ሕዝብ ነው።

ወደ ሲዳማ እንምጣ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ የሰጠው አንድ ዓመት ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔው ግን አልተካሄደም። በዚያ ሳምንት በሐዋሳና በዞኑ ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሱቅና ቤት ተቃጠለ። መዘግየቱ ያስከተለውን ጥፋት ማንም ሊያቃልለው አይችልም። በዚያ ውጥረት ውስጥ ግን ምርጫ ቦርድ አንድ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አደረገ። የሀብት ክፍፍሉ፣ የሐዋሳ ከተማ ሁኔታ እና በአዲሱ ክልል ውስጥ የሚኖሩት የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች መብት ከድምፁ በፊት የሕግ ማዕቀፍ እንዲበጅላቸው የደቡብ ክልል ምክር ቤትን ጠየቀ። ሕገ መንግሥቱ ያላለውን ቦርዱ አለ።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መራጩ ጎህ ሳይቀድ ተሰለፈ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የነበሩት ሁለት ሥዕሎች ናቸው፤ ለክልልነት ሻፌታ፣ በነበሩበት ለመቀጠል ጎጆ። ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሻፌታን መረጠ። ቀኑ በሰላም አለፈ። የደቡብ ክልል ቢሮዎችም ሲዳማ ክልል ከሆነ በኋላ ከሐዋሳ በአንድ ሌሊት እንዲወጡ አልተደረገም፤ ዓመታት ቆይተውበታል። ቀድሞ ንግግር ስለነበረ የሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙሉ ውል ነበር አልልም፤ ግማሹ ብቻ እንኳ ብዙ አዳነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት በሌላ መንገድ ነው የመጡት። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞ እና ኮንታ በአንድነት ድምፅ ሰጥተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ኮንሶ፣ ጌዴኦ እና ሌሎቹ፣ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ድምፅ ሰጡ። የወላይታው በጥሰት ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተካሄደ። መቀመጫው የት እንደሚሆን የተወሰነው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው። ውጤቱን ተመልከቱ። በደቡብ ምዕራብ መቀመጫው በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማን እና በቴፒ ተከፋፈለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ እና ካራት ስድስቱም መቀመጫ ተባሉ። ከተሞቹ ድርሻ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ ማንም ከተማ የበይ ተመልካች እንዲሆን አልመኝም። ነገር ግን ከጂንካ ተነስቶ አንዱን ቢሮ ሶዶ፣ ሌላውን ዲላ ፍለጋ የሚሄደው ባለጉዳይ የአውቶብስና የአልጋ ወጪውን ድምፅ ሲሰጥ አያውቀውም ነበር። ለአንድ ቢሮ የሚበቃው በጀት በስድስት ከተማ ቤት ኪራይ፣ በስድስት ከተማ ነዳጅና አበል ሲበተን ለጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ በወቅቱ ተሰልቶ ቢቀርብለት ኖሮ፣ ያው ራሱ መራጭ ይበጀኛል የሚለውን ይመርጥ ነበር።

ስለ ክላስተሩም፣ ማለትም ብዙ ዞኖችን በአንድ ክልል ስለማደራጀቱ፣ እውነቱ ይነገር። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የጠየቀው ለብቻው ክልል መሆንን ነው፤ በመጨረሻ ለሕዝቡ የቀረበለት ጥያቄ ግን ከሌሎች ጋር በአንድ ክልል ትደራጃለህ ወይ የሚል ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ክላስተሩን በአብላጫ ድምፅ አልተቀበለም፤ ዞኑ ዛሬ ያለው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። ትንንሽ ክልሎች ማብዛቱ አቅም ይበትናል የሚለውን ሥጋት እኔም እጋራለሁ። ሥጋቱ ግን ለሕዝቡ በቁጥር ይቅረብለት እንጂ ጥያቄውን ለመለወጥ ምክንያት አይሁን። የጠየቁትን ሳይሆን ያልጠየቁትን የሚመልስ ሕዝበ ውሳኔ ጥያቄውን አይዘጋውም፤ ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

በሌላው ዓለምም ይህንኑ እናያለን። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ስትወጣ ሦስት ክልል ነበራት፤ ዛሬ 36 ግዛት አላት። አብዛኞቹ የተፈጠሩት በወታደራዊ መንግሥታት አዋጅ ነው፤ ብዙዎቹም ከፌዴራሉ የነዳጅ ገቢ ድርሻ ውጭ ደመወዝ መክፈል ይቸግራቸዋል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ቴላንጋናን ከአንድራ ፕራዴሽ ስትለይ በሕጉ ውስጥ ሃይደራባድ ለአሥር ዓመት የሁለቱም የጋራ ዋና ከተማ እንድትሆን ጻፈች። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ግን የአንዳንድ ተቋማት ንብረት ክፍፍል ገና በክርክር ላይ ነበር። ከሁሉ የምወደው የስዊዘርላንዱን ነው። የጁራ አካባቢ ከበርን ካንቶን ልለይ ሲል እ.ኤ.አ. በ1974 መላው አካባቢ ድምፅ ሰጠ፤ ከዚያ ወረዳዎቹ ለየብቻ ተጠየቁ፤ በመጨረሻም ድንበር ላይ ያሉት ቀበሌዎች አንድ በአንድ ወዴት እንደሚሆኑ ተጠየቁ። ጁራ እ.ኤ.አ. በ1979 ካንቶን ሆነ። ሙቲየር የምትባለው ከተማ ደግሞ ከዚያ ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ እንደገና ተጠይቃ ወደ ጁራ መሄድን መርጣለች። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ሲባል ይህን ያህል መታገሥ ይቻላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

አዲስ አበባ በአንቀጽ 47 ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ድሬዳዋም የለችም። ክልል የመመሥረት መብት የተሰጠው በዘጠኙ ክልሎች ውስጥ ላሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ በር ሊገባ አይችልም። ከተማዋን ክልል ማድረግ የሚፈልግ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አለበት፤ ለዚህም የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እና የሁለት ሦስተኛው ክልሎች ምክር ቤቶች ይሁንታ ያስፈልጋል። አንቀጽ 49 ከተማዋ የፌዴራሉ መንግሥት ርዕሰ ከተማ መሆኗን፣ ነዋሪው ራሱን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሀል የምትገኝ በመሆኗ ክልሉ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በጋራ አስተዳደር ጉዳዮች ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል። ዝርዝሩን የሚወስን ረቂቅ በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዘንድ ደርሶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራ፤ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም።

ይህ ሕግ ባለመኖሩ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ከምንጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ነው፤ ሦስቱም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ቆሻሻችንም እንዲሁ ወደዚያ ሊወጣ ታስቦ ነበር። በሰንዳፋ በብዙ ገንዘብ የተሠራው የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ወራት እንደቆየ የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታውና ፍሳሹ ከብታችንንና ውሃችንን በከለብን ብለው ተቃወሙ፤ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቀድሞው መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሥሩ በላስቲክና በጭቃ ቤት የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሰንዳፋው ገበሬ ጥፋተኛ አይደለም። የቆሼ ነዋሪም ጥፋተኛ አይደለም። ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ለማን ምን ካሳ እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚቆጣጠር ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሰንዳፋው ገበሬ ገና ከጅምሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ ነበር።

ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ተቃውሞ ተነሳ፤ በ2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነስቶ መላውን ኦሮሚያ አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። ዋናው በደል የደረሰው በአርሶ አደሩ ላይ ነው። ቦሌ አራብሳ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ጎሮ፣ የካ አባዶ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ቦታዎች የጤፍና የስንዴ እርሻ ነበሩ። መሬቱን በካሬ ሜትር ጥቂት ብር ተከፍሎት የተነሳ አርሶ አደር ልጁ በዚያው መሬት ላይ ለቆመ ፎቅ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ማየት ምን ማለት እንደሆነ፣ እኛ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የምንኖር ሰዎች ልንረዳው ይገባል።

በሌላ በኩል የኮንዶሚኒየም ቆጣቢውም እውነት አለ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከወር ደመወዙ እየቀነሰ ባንክ ያስገባ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ስሙ ከኮዬ ፈጬ ጋር ተጽፎ አገኘው። እልልታው ሳያባራ ቤቶቹ ያሉት በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው የሚል ተቃውሞ በብዙ ከተሞች ተቀሰቀሰ፤ ርክክቡም ቆመ። ሰውየው የቤት ኪራይ እየከፈለ፣ የባንክ ቁጠባ ደብተሩን ይዞ ጠበቀ። ገበሬው ተበዳይ፣ ቆጣቢው ተበዳይ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆማቸው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ድንበሩ አለመታወቁ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩና የኦሮሚያ ክልል የወሰን ስምምነት አደረጉ፤ ኮዬ ፈጬም ወደ ኦሮሚያ ሆነ። ስምምነት መኖሩ ከማንም በላይ ያስደስተኛል። ግን የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ተጠይቆ ነበር? የልጁ ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን፣ የቤቱን ካርታ ማን እንደሚሰጠው፣ ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚመርጥ የተነገረው መቼ ነው? ብዙም ሳይቆይ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ገላንን የጠቀለለው የሸገር ከተማ ተመሠረተ። አሁን ከአያት አደባባይ ጥቂት አለፍ ብሎ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት የታርጋ ጽሑፍ፣ ሁለት የሊዝ መመሪያ፣ ሁለት ማህተም አለ፤ ውሃው ግን አንድ ነው፣ ታክሲ የሚጠብቀውም ሰው አንድ ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው አዲስ አበባን ክልል ማድረግ ነው ይላሉ፤ ሌሎች በኦሮሚያ ሥር ትግባ ይላሉ። ሁለቱንም በጥሞና አድምጫለሁ። ክልል ብትሆን ለገዳዲ ወደ ከተማው አይመጣም፤ ስለ ውሃው ያው መነጋገር ይቀራል። በኦሮሚያ ሥር ብትገባ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱን ያስተዳድር ያለው የብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚኖሩባት ከተማ ሕዝብ መብት ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። በርሊንን ተመልከቱ። በርሊን ራሷን የቻለች ክልል ናት፤ ዙሪያዋን በብራንደንቡርግ ክልል ተከባለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለቱ ይዋሐዱ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በርሊን ደገፈች፣ ብራንደንቡርግ አልደገፈችም፤ ውሕደቱ ቀረ። ሆኖም በዚያው ዓመት ያቋቋሙት የጋራ የፕላን መሥሪያ ቤት ዛሬም ይሠራል። የበርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በብራንደንቡርግ መሬት ላይ ነው፤ የሁለቱ ክልሎች ድርሻ እኩል 37 በመቶ፣ የቀረው 26 በመቶ የፌዴራሉ ነው። እኛም አዲስ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ በኦሮሚያ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ለመሥራት ተነስተናል። ከመሬቱ የሚነሳው አርሶ አደር፣ ክልሉ፣ ከተማዋና ፌዴራሉ ከዚህ ምን እንደሚያገኙ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ዛሬውኑ በአደባባይ መጻፍ አለብን።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አዲስ አበባ ባለችበት አቋም ትቆይ፤ የአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ሕግ ግን ይውጣ። ሕጉ የውሃውን ዋጋ፣ የቆሻሻውን ቦታና ካሳ፣ የተነሺውን አርሶ አደር ድርሻ፣ በከተማዋ የሚሰጠውን የኦሮምኛ ትምህርትና አገልግሎት፣ የትራንስፖርቱን የጋራ አስተዳደር በቁጥርና በቀን ይደንግግ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ በከተማ ነዋሪነቱ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ድምፅ የሌለው መሆኑ ይታረም። አዲስ ክፍለ ከተማ ለመቁረስ የሕዝብ ድምፅ ባያስፈልግም፣ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አስራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን እንደሆነው ሳይሆን፣ ነዋሪው ስለ ፋይሉና ስለ ይዞታው ቀድሞ ይነገረው። በአገር ደረጃም አዲስ ክልል የሚፈልግ ወገን ጥያቄው ወደ ሕዝበ ውሳኔ ከመሄዱ በፊት የንብረት፣ የዕዳ፣ የመቀመጫ፣ የድንበርና የአናሳዎች መብት ውል ተዘጋጅቶ በየቀበሌው እንዲነበብ አንድ አዋጅ ያስገድድ።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የቦሌ፣ የለሚ ኩራ እና የየካ መራጮች ናችሁ። ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ድምፃችሁን ሊጠይቅ ለሚመጣ እጩ፣ የየትኛውም ፓርቲ ቢሆን፣ የልዩ ጥቅሙን ሕግ በሥራ ዘመንህ ታስወጣለህ ወይ፣ ረቂቁንስ ከአሁኑ ታሳየናለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉት።